የግራፊክስ ካርድ ሙቀት በሐሩር ወራት፦ አዲስ ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

በአገር ቤት ሰኔ ገብቶ ሰማዩ በደመና በሚከብድበት ጊዜ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐሩሩ ይበረታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2016 በኩዌት ሚትሪባ በተባለ ሥፍራ ተመዝግቦ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የጸደቀው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአካባቢው ሙቀት እስከ ምን ድረስ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። ሰው ከዚህ ሐሩር ወደ ቀዘቀዘ ክፍል ይሸሻል። በክፍሉ ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር ግን መሸሻ የለውም፤ ያገኘውን አየር ስቦ በዚያው አየር ራሱን እያቀዘቀዘ መሥራት አለበት።

በእነዚህ ወራት የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባለቤቶች ተመሳሳይ ምልክቶችን ያያሉ። ማራገቢያው ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ ያለ እንከን ይሄድ የነበረው ጨዋታ ይንቀረፈፋል፤ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው የቪዲዮ ሥራ ይጓተታል። አንዳንድ ጊዜም ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ግምት «ካርዱ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ከዚያም ለቤተሰብ ሊላክ ወይም ለክፉ ቀን ሊቀመጥ የታሰበው ገንዘብ ለአዲስ ካርድ ይውላል።

ይሁንና በአብዛኛው የተበላሸ ነገር የለም። ካርዱ ያጣው ቀዝቃዛ አየርና ለሞቀው አየር መውጫ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ የግራፊክስ ካርድ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ ያለ ወጪ ወይም በጥቂት ወጪ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ገንዘብ ማውጣትስ መቼ ተገቢ እንደሚሆን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የግራፊክስ ካርድ በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚያሰላ የኮምፒውተር ክፍል ነው። በውስጡ ያለው ዋና ቺፕ ጂፒዩ ይባላል። ለጨዋታ፣ ለቪዲዮ ኤዲት፣ ለሥነ ሕንፃ ንድፍና ለመሳሰሉት ከባድ ሥራዎች አብዛኛው ድካም በዚህ ቺፕ ላይ ይወድቃል። ካርዱ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

መጠኑ ቀላል አይደለም። ኤንቪዲያ ያወጣቸው የካርዶቹ መግለጫዎች እንደሚያሳዩት፣ አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፣ አርቲኤክስ 3080 እስከ 320 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ እስከ 450 ዋት ይወስዳሉ። በብርድ አገር ክፍል ለማሞቅ የሚያገለግል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ 1,000 ዋት ገደማ እንደሚወስድ ሲታሰብ፣ ትልቁ ካርድ ብቻውን የምድጃውን ግማሽ ያህል ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል ማለት ነው።

ይህ ሙቀት ከቺፑ የሚወጣው በተርታ በተያያዙ እርምጃዎች ነው። በመጀመሪያ ቴርማል ፔስት በሚባለው ቅባት በኩል ወደ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ይተላለፋል። ከዚያ ቀጫጭን ሆነው ወደ ተደረደሩት የብረት ክንፎች ይሠራጫል። ማራገቢያዎቹ በክንፎቹ መካከል አየር ያሳልፋሉ፤ አየሩም ሙቀቱን ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ማለትም ወደ ኬዙ፣ ከኬዙም ወደ ክፍሉ ይወጣል። በክፍሉ ያለው ሙቀት ደግሞ በአየር ማቀዝቀዣው ወደ ውጭ ይጣላል። ከእነዚህ በሮች አንዱ ከተዘጋ ከኋላው ያለው ሁሉ ይግላል።

ከዚህ ሁለት መሠረታዊ እውነቶች ይወጣሉ። አንደኛው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ካርድ ከሚሳበው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ሁለተኛው፣ ማራገቢያ ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም። ሙቀቱን ከምንጩ የሚቀንሰው ካርዱ የሚወስደውን ኃይል መቀነስ ብቻ ነው።

ስንት ዲግሪ ይበዛል?

በከባድ ሥራ ላይ ያለ ካርድ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ የሚያሳስብ አይደለም። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3060 እና 3080 የሰጠው ከፍተኛ ገደብ 93 ዲግሪ ሲሆን፣ ለአርቲኤክስ 4090 ደግሞ 90 ዲግሪ ነው። ኤኤምዲ በበኩሉ በ2019 ባወጣቸው የአርኤክስ 5700 ካርዶች ላይ፣ በቺፑ ውስጥ በጣም የጋለው ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ቢደርስ በተፈቀደው ልክ ውስጥ መሆኑን ገልጿል።

የሁለቱን አምራቾች ቁጥር ማወዳደር ግን ያሳስታል። ዘመናዊ ካርድ ከአንድ በላይ የሙቀት ንባብ አለው። አንዱ የቺፑ አጠቃላይ ሙቀት ነው። ሌላው በጣም የጋለው ነጥብ ሙቀት ሲሆን ከመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይበልጣል። በአንዳንድ ካርዶች ላይ ሦስተኛው፣ የማስታወሻ ቺፖቹ ሙቀት፣ ለብቻው ይነበባል። ስለዚህ ቁጥር ከማወዳደር በፊት የትኛው ንባብ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ካርዱ ወደ ገደቡ ሲጠጋ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው የሚያየው መንቀርፈፍ ከዚህ ይመጣል። ገደቡን ጨርሶ ካለፈ ደግሞ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ሙቀት ካርድን በአንድ ምሽት አቃጥሎ መጣሉ ብርቅ ነው፤ ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። የማራገቢያው ቅባት ይደርቃል፣ ቴርማል ፔስቱ ይጠነክራል፣ ሌሎች ክፍሎችም ያረጃሉ። በኤሌክትሮኒክስ ሙያ የተለመደ ግምት እንደሚለው፣ በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። እንዲህ ያሉት ካፓሲተሮች በፓወር ሰፕላይ ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ፣ የኬዙ መጋል ከካርዱ ውጭ ያሉትንም ክፍሎች ይጎዳል።

ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይኖረው ካርዱ 45 ወይም 50 ዲግሪ ቢያሳይ ግን መደናገጥ አያስፈልግም። ብዙ ካርዶች ቀላል ሥራ ላይ ሲሆኑ ድምፅ ለመቀነስ ማራገቢያቸውን ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ። በዚያን ጊዜ የማራገቢያው መቆም ብልሽት አይደለም።

መጀመሪያ መለካት

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ ማታ ደግሞ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎችን ኤዲት እያደረገ ተጨማሪ ገቢ የሚያገኝ ወጣት አለ እንበል። የሚኖረው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በጋራ ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ ክፍያውን ለሦስት ስለሚካፈሉ አየር ማቀዝቀዣውን የሚከፍቱት በቁጠባ ነው፤ የክፍሉ ሙቀትም 30 ዲግሪ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው ሥር ባለ፣ ከኋላው በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው። ሥራው እየተጓተተ ስለመጣ አዲስ ካርድ ለመግዛት እያሰበ ነው።

የወጣቱ የመጀመሪያ ሥራ መለካት ነው። በዊንዶውስ ላይ፣ ከ2020 የግንቦት ማሻሻያ ጀምሮ፣ ታስክ ማናጀር የተባለው መስኮት የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ያሳያል። በጣም የጋለውን ነጥብና የማራገቢያውን ፍጥነት ጭምር ለማየት እንደ ኤችደብሊው ኢንፎ እና ጂፒዩ-ዚ ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ያገለግላሉ። ማንኛውም ሶፍትዌር ከአምራቹ ገጽ ብቻ መጫን አለበት፤ በየቦታው የሚገኙ ቅጂዎች ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ።

ልኬቱ ትርጉም እንዲኖረው ሦስት ነገሮች አይለወጡ፦ ሥራው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን፤ የክፍሉ ሙቀትም አብሮ ይመዝገብ። የክፍሉ ሙቀት ሳይጻፍ የካርዱ ሙቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ24 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 74 የሚያሳይ ካርድ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ይበልጣል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ፣ ሥራውም ሳይለወጥ ክፍሉ 34 ዲግሪ ቢሆን፣ ካርዱ ወደ 84 ይጠጋል። ካርዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።

በምሳሌው ያለው ወጣት ሲለካ በ30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ካርዱ 83 ዲግሪ ላይ ደርሶ፣ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ እየዞረ፣ ፍጥነቱም እየወረደ አገኘው።

ችግሩ ያለበትን ቦታ መለየት

ቀጣዩ ፈተና ቀላልና ነፃ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የኬዙን የጎን ሽፋን ማንሳት፣ ከዚያ ያንኑ ሥራ ለያንኑ ጊዜ እንደገና መሥራትና መለካት ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ እጅን ወደ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ ሕፃናት ባሉበት ቤትም ፈተናው ሲካሄድ ሰው ከአጠገቡ መራቅ የለበትም።

ሽፋኑ ሲነሣ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ካርዱ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ታፍኗል ማለት ነው፤ መፍትሔውም ያለው በአየሩ መንገድ ላይ ነው። የወረደው በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ኬዙ ከጥርጣሬ ነፃ ይሆናል። ምክንያቱን በካርዱ በራሱ ላይ ባለ አቧራ፣ በደረቀ ቴርማል ፔስት፣ ወይም በክፍሉ ሙቀት ላይ መፈለግ ይገባል።

ወጣቱ ኮምፒውተሩን ከእንጨቱ ሳጥን አውጥቶ ሽፋኑን ሲያነሣ ሙቀቱ ከ83 ወደ 75 ወረደ። በዚህ ብቻ አዲስ ካርድ የመግዛት ሐሳብ ሊቆም ይገባዋል።

ሽፋኑን አንሥቶ መተው ግን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ክፍት ኬዝ አቧራን ያለ ማጣሪያ ያስገባል፤ አየሩም መንገዱን ይስታል። ፈተናው ችግሩ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ብቻ ነው።

አቧራን ማጽዳት

የባሕረ ሰላጤው አቧራ ደቃቅ ነው፤ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። በሐበሻ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጢስ፣ ዕጣኑ፣ ወጥ ሲቁላላ የሚነሣው የዘይት እንፋሎት ከአቧራው ጋር ተዋሕዶ በካርዱ ክንፎች ላይ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ይለጠፋል። አየር ሊያልፍበት የሚገባው ቀጭን ክፍተት ሲደፈን ማራገቢያው ምንም ያህል ቢዞር ፋይዳ የለውም።

ጽዳቱ በሚከተለው ሥርዓት ቢካሄድ ይመረጣል፦

1. ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን መንቀል፣ ከዚያ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ።

2. ማንኛውንም ክፍል ከመንካት በፊት የኬዙን ያልተቀባ ብረት በእጅ መንካት። ይህ በሰውነት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ካርዱን እንዳይጎዳ ይከላከላል።

3. የኬዙን ማጣሪያዎች አውጥቶ ማራገፍ ወይም በውኃ ማጠብ። ታጥበው ከሆነ ፈጽመው ሳይደርቁ መመለስ አይገባም።

4. የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይዞ በታመቀ አየር መንፋት። ክንፉ ካልተያዘ በአየሩ ግፊት ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሊበላሽ ይችላል። የታመቀውን አየር ጣሳ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከተዘቀዘቀ ፈሳሽ ይረጫል።

5. በቅባት የተጣበቀውን አቧራ በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ማንሣት። እርጥብ ጨርቅ አይመከርም። የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽን አፍንጫም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚፈጥር በካርዱ ላይ መጠቀም አይገባም።

በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚኖሩ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ በረንዳ የወጣ መነጽር በእርጥበት እንደሚሸፈን ሁሉ፣ ቀዝቃዛ ኮምፒውተርም ለጽዳት ወደ እርጥበታማው የበጋ አየር ሲወጣ በብረቱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ጽዳቱ በውጭ ከተካሄደ ኮምፒውተሩ ወደ ክፍሉ ተመልሶ በሚገባ እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት ሰዓታት ሳይበራ መቆየት አለበት። በተመሳሳይ ምክንያት ኮምፒውተርን ውኃ ሊያንጠባጥብ ከሚችል አየር ማቀዝቀዣ ሥር ማስቀመጥ አደጋ አለው።

ማጣሪያውን በየወሩ፣ የኬዙን ውስጥ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። የአቧራ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ግን ወሩን መጠበቅ አያስፈልግም።

የአየሩን መንገድ ማስተካከል

ሁለትና ሦስት ማራገቢያ ያላቸው አብዛኞቹ የዛሬ ካርዶች የሞቀውን አየር በቀጥታ ወደ ውጭ አይጥሉትም፤ እዚያው ኬዝ ውስጥ ይለቁታል። ኬዙ ቶሎ ካላስወጣው ካርዱ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ስለዚህ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ያለው ግልጽ መንገድ ያስፈልጋል፦ ቀዝቃዛው አየር ከፊት ወይም ከታች ይግባ፣ የሞቀው ከኋላና ከላይ ይውጣ።

ለአብዛኛው ኮምፒውተር ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ማራገቢያ ይበቃል። የሚገባው አየር ከሚወጣው ጥቂት ቢበልጥና መግቢያው ማጣሪያ ቢኖረው፣ አቧራ በየቀዳዳው የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። ማራገቢያ ሲገጠም አቅጣጫውን መለየት ግድ ነው። ብዙውን ጊዜ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የሚደግፉት ዘንጎች በሚታዩበት ፊት በኩል ነው። አንድ ማራገቢያ በስሕተት ተገልብጦ ቢገጠም የሌሎቹን ሥራ ያፈርሳል።

የኮምፒውተሩ አቀማመጥ ከማራገቢያ ቁጥር ባልተናነሰ ዋጋ አለው። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቅ ይኖርበታል። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ኬዝ ከታች የሚስበውን አየር ስለሚያጣ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ከኋላው የተዘጋ የጠረጴዛ ሳጥን ደግሞ ለኮምፒውተር እንደ ምድጃ ነው። በኬዙ ውስጥ የተንዘረፈፉ ገመዶችንም ሰብስቦ ከፊተኛው ማራገቢያ መንገድ ማሰር ሳይሆን ማራቅ፣ በጀርባ በኩል ማሰርም ይጠቅማል።

በምሳሌው ያለው ወጣት ካርዱንና ማጣሪያውን አጽድቶ፣ ኮምፒውተሩን ከእንጨቱ ሳጥን አውጥቶ በጠረጴዛው ጎን አስቀመጠው፤ የጎን ሽፋኑንም መለሰ። ክፍሉ አሁንም 30 ዲግሪ ነው። ካርዱ ግን 76 ዲግሪ አሳየ። እስከዚህ ድረስ ምንም ገንዘብ አላወጣም።

ሙቀትን ከምንጩ መቀነስ

እስካሁን የተነገረው ሙቀቱን በማጓጓዝ ላይ ያተኩራል። ካርዱ 170 ዋት የሚወስድ ከሆነ ግን የቱንም ያህል በደንብ ቢቀዘቅዝ ያው 170 ዋት ወደ ክፍሉ ይገባል። በጠባብ የጋራ ክፍል ውስጥ ይህ ሙቀት የሚያርፈው በአብረው በሚተኙት ሰዎችና በኤሌክትሪክ ክፍያው ላይ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣው ያንን መልሶ ለማውጣት ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ኃይሉን መቀነስ ድርብ ጥቅም አለው።

የመጀመሪያው መንገድ ለጨዋታ ተጫዋቾች የፍሬም ገደብ ማድረግ ነው። በሰከንድ 60 ምስል ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ካርዱ 140 ምስል ቢሠራ፣ ትርፉ በአብዛኛው ለሙቀት ነው። በጨዋታው ቅንብር ወይም በካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ ገደቡን 60 ማድረግ ያለ ወጪ ብዙ ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል።

ሁለተኛው የኃይል ገደብን ዝቅ ማድረግ ነው። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ነፃ ሶፍትዌር፣ በኤኤምዲ ካርዶች ደግሞ በራሱ በኤኤምዲ ሶፍትዌር፣ ካርዱ የሚወስደውን ከፍተኛ ኃይል በመቶኛ መወሰን ይቻላል። አምራቾች ካርዶቻቸውን የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ኃይል እንዲፈጁ አድርገው ስለሚያቀርቧቸው፣ ገደቡ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ የሚታጣው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ቅንብሩ በአንድ ቁልፍ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ለጀማሪም አያሰጋም።

ሦስተኛው ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ሲሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቺፑ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ የኃይሉ ፍጆታ በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይሁንና እያንዳንዱ ቺፕ የሚችለው ልክ ይለያያል። በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ፣ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ያህል በከባድ ሥራ መፈተን ያስፈልጋል። ምስሉ ከተዛባ ወይም ፕሮግራሙ ከተዘጋ አንድ ደረጃ መመለስ ነው። ቅንብሩ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ እንዲጫን ማድረግ የሚገባው ለጥቂት ቀናት ያለ እንከን ከሠራ በኋላ ብቻ ነው።

ወጣቱ የካርዱን የኃይል ገደብ 80 በመቶ ላይ አደረገው፤ ከ170 ዋት ወደ 136 ዋት ወረደ ማለት ነው። ሙቀቱም 70 ዲግሪ ሆነ። ካርዱ ከሙቀት የተነሣ ፍጥነቱን መቀነሱን ስላቆመ፣ ሥራው መጀመሪያ ሲጓተት ከነበረበት ጊዜ ፈጥኖ አለቀ። የማራገቢያውም ጩኸት ስለቀነሰ አብረውት የሚኖሩት ጓደኞቹ በሰላም ተኙ።

በዚሁ ሶፍትዌር የማራገቢያውን ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር ማዛመድም ይቻላል። ለምሳሌ በ60 ዲግሪ በግማሽ ኃይሉ፣ በ70 ዲግሪ በ70 በመቶ፣ በ80 ዲግሪ በሙሉ ኃይሉ እንዲዞር ማድረግ ነው። ማራገቢያው ቀድሞ ሲነሣ ካርዱ ወደ ገደቡ ሳይደርስ ይረጋጋል፤ ልዋጩ ድምፅ ነው።

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ካርዱ ጸድቶ፣ የአየሩ መንገድ ተስተካክሎ ሙቀቱ ካልወረደ፣ በአጠቃላዩ ሙቀትና በጣም በጋለው ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይገባል። ልዩነቱ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ቴርማል ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም የማቀዝቀዣው ብረት በቺፑ ላይ በትክክል አልተቀመጠም ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ይህ ካርዱን መፍታት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ካርዱ ገና በዋስትና ላይ ከሆነ መፍታት ተገቢ አይደለም፤ ወደ ሻጩ መውሰድ ይቀድማል። የዋስትናው ጊዜ ካለፈ ፔስቱን የሚቀይረው ልምድ ያለው ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። በማስታወሻ ቺፖቹ ላይ የሚቀመጡት ቴርማል ፓዶች ውፍረታቸው የተለካ ነው፤ የወፈረ ፓድ ከገባ ብረቱ ከዋናው ቺፕ ይርቅና ሙቀቱ ከቀድሞው ይብሳል። ደንበኛው ለባለሙያው ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ከሥራው በፊት ስንት ዲግሪ ነበር? ከሥራው በኋላስ ስንት ሆነ?» ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሥራና በአንድ ክፍል ተለክተው ሊታዩ ይገባል።

ያገለገለ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ይኸው መለኪያ ያገለግለዋል። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱ በኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ 20 ደቂቃ በከባድ ሥራ ላይ ሲቆይ ማየትና ሁለቱንም የሙቀት ንባቦች መመዝገብ መብቱ ነው። ይህንን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ለሚላክ ኮምፒውተር

ለወንድም ወይም ለልጅ ትምህርት ተብሎ ኮምፒውተር ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ወገኖች ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት እንደማያሰጋ ይታሰባል። የክፍሉ ሙቀት በእርግጥ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ በየዙሩ የሚገፋው የአየር ክብደት ያንኑ ያህል ስለሚያንስ፣ የሚያነሣውም ሙቀት ያንሳል። ከቀዝቃዛው አየር የሚገኘው ትርፍ በከፊል በአየሩ መሳሳት ይጠፋል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ማጽዳት፣ ሲደርስም በመንገድ መንቀጥቀጥ ካርዱ ከቦታው አለመነቃነቁን ማረጋገጥና ሙቀቱን አንድ ጊዜ መለካት ጠቃሚ ነው።

በምሳሌው ያለው ወጣት በመጨረሻ ያደረገው ነገር፣ ከባድ ሥራውን ሦስቱም ክፍሉን ቀዝቅዞ ወደሚተኙበት ሰዓት ማዛወር ነበር። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ካርዱ 65 ዲግሪ አሳየ፤ ከተነሣበት በ18 ዲግሪ ያነሰ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተገዛ ዕቃ ያመጣው አንድም ዲግሪ የለም። አዲስ ካርድ ገዝቶ በዚያው በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ አዲሱም ካርድ ያንኑ የታፈነ አየር ይስብ ነበር። ገንዘብ ሊወጣ የሚገባው ልኬቱ፣ ጽዳቱ፣ የአየሩ መንገድና የኃይሉ ገደብ ሁሉ ተሞክረው ካርዱ አሁንም ሲግል ነው።